የደንገል ደሴት በቦዩ አፍ

ጥያቄው የደረሰኝ ከባሕር ዳር ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ሰባት ጓደኛሞች ነን። ሐይቁ ዳር ትንሽ የዓሣ ቤት ከፍተናል። ከሰፈሩ የሚወርደው ቦይ በጎናችን አልፎ ጣና ውስጥ ይገባል። በጋ ሲሆን ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይሸታል፤ እንግዳ ዓሣውን ሳይጨርስ ይነሳል። ኢንተርኔት ላይ ተንሳፋፊ የዕፅዋት ደሴት የሚባል ነገር አየን። ሃይላንድ ሰብስበን፣ አስረን፣ ላዩ ላይ ተክል ተክለን ሐይቁ ላይ ልንለቀው አስበናል። ጣናን ያጸዳል ወይ? ምን እንትከል? አንዱ ጓደኛችን እምቦጭ ራሱ ውሃ ያጣራል እያለ ይሞግተናል። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ጣናን አያጸዳም። ቦያችሁን ግን፣ በደንብ ከሠራችሁትና ከተንከባከባችሁት፣ ሊያሻሽለው ይችላል። ስለ እምቦጭ ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግን አትስሙት። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስፋቱን እንነጋገር። ጣና በግርድፉ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ስትቆጥረው 3 ቢሊዮን። እንዲህ ያለ ደሴት ኩሬ ላይ ሲሠራ እንኳ ከውሃው ገጽ የተወሰነ በመቶ ካልሸፈነ ለውጡ አይታይም። አምስት በመቶ ብቻ እንበል። ለጣና 150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ደሴት ልትሠሩ ነው፤ 15,000 ሄክታር ማለት ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ በሙሉ የሚያለማው 7,000 ሄክታር ገደማ ነው። ሁለት ቆጋ የሚያህል ማሳ በሃይላንድ አስራችሁ ውሃ ላይ ልታንሳፍፉ ነው። ያን ያህል ሃይላንድ ቢገኝስ ከሰባታችሁ ማን አስሮ ይጨርሰዋል?

ቆሻሻው ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ይበተናል፤ ይቀጥናል። ቦዩ ላይ ግን ተሰብስቦ፣ ወፍራም ሆኖ፣ በአንድ ቀጭን መንገድ ይመጣል። ሌባን በር ላይ መያዝ እየተቻለ ገበያ መሀል ገብቶ መፈለግ ምን ያደርጋል? ደሴታችሁ ቦታው እዚያ በሩ ላይ ነው።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ይህን ካወቅህ ከቀረው ብዙውን ራስህ ትደርስበታለህ።

ደሴቱ የሚንሳፈፍ አልጋ ነው። ላዩ ላይ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት፣ ፓፒረስ የሚሉት) ወይም ፊላ ይበቅላል። ሥሩ አፈር ስለማያገኝ እንደ ጢም ተንዘርፎ ውሃው ውስጥ ይወርዳል፤ ግማሽ ሜትር ገደማ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ላይ ያለውን ቅጠል ነው። ሥራው ያለው ግን ታች ነው። አንድ ቀን ከሥሩ ቆንጠር አድርገህ በጣትህ ብትዳስሰው ይሙለጨለጫል። ያ የሚሙለጨለጨው ነገር የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ውሃው ቀስ ብሎ በሥሩ መካከል ሲያልፍ ደቃቁ ጭቃ ሥሩ ላይ ይለጠፋል፤ ሲከብድ ተላቆ ወደ ታች ይሰምጣል። ባክቴሪያዎቹ የሚበሰብሰውን ይበላሉ። ከሽንት የመጣውን ናይትሮጅን ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይለውጡና ከፊሉን ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል። ተክሉም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእሱ ምግብ ናቸው። ጥላው ደግሞ ከበታቹ ያለውን አልጌ ብርሃን ይነሳዋል።

ውሃችሁን አረንጓዴ ያደረገው ይኸው አልጌ ነው። ምግቡ የሰው ሽንትና ሰገራ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ነው። ከሁሉም ፎስፈረስ የሚባለው ጉልበተኛ ነው። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ፣ ብርሃንና ሙቀት ከተመቸው፣ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። አልጌው ሲሞት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅን ያጣ ጭቃ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እንግዳህን ያስነሳው ያ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። አረንጓዴው ላይ ላዩን እንደ ቅባት ከተጋገረ መርዛማ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ዓሣችሁን በዚያ ውሃ አትጠቡ። ከብትም አይጠጣው።

ሐሳቡ ራሱ ለጣና ልጅ አዲስ አይደለም። ደንገል ያለ ሃይላንድም ይንሳፈፋል። ሥሩና ግንዱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ውሃ ላይ ምንጣፍ ይሠራል። በደቡብ ሱዳን ነጭ አባይ የሚያልፍበት የሱድ ረግረግ እንዲህ ባለ ተንሳፋፊ ዕፅዋት የተሞላ ነው። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ቲቲካካ በሚባል ሐይቅ ላይ ደግሞ ኡሮስ የሚባሉ ሰዎች ቶቶራ በሚሉት ቄጠማ ደሴት ሠርተው ቤታቸውን ላዩ ላይ ቀልሰው ይኖራሉ። ጀልባቸውንም ከዚያው ተክል ያስሩታል። ፎቶውን ብታየው «ይቺ የኛ ታንኳ አይደለችም እንዴ?» ነው የምትለው።

እሺ፣ አሁን የማይወደደው ሒሳብ።

አንድ ሰው በቀን 1.5 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ያወጣል። በዓመት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። በደንብ የበቀለ ደንገል፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ታጭዶ ሲደርቅ፣ 4 ኪሎ ይሆናል እንበል። ከዚያ ውስጥ ፎስፈረሱ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው፤ 4 ግራም። ይህ የአንድ ሰው የሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብታጭዱ ለአንድ ሰው ብቻ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ደሴት ያስፈልጋል። ሃምሳ ቤተሰብ ወደ ቦዩ የሚለቅ ከሆነ፣ በቤት አምስት ሰው ብንል፣ ከአንድ ተኩል ሄክታር በላይ መጣ።

ይህን ሒሳብ ስብሰባ ላይ ሳነሳ የሚያኮርፍ ሰው አይጠፋም። ግን ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል። ተክሉ መጥጦ የሚያወጣው ትንሽ ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹና ወደ ታች የሚሰምጠው ጭቃ ናቸው። ፎስፈረሱ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ኩሬው ወለል ላይ ይቀራል። እዚያ ከቀረ ዛቆ ማውጣት ይቻላል። ጣና ወለል ላይ ከተኛ ግን ማን ያወጣዋል?

ሌላም ነገር ይከተላል። የሽንት ቤት ጉድጓዱን በስውር ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኘ ጎረቤት ካለ፣ መጀመሪያ እሱን አነጋግሩት። አንድ ቤት ከቦዩ ማላቀቅ ስንት ካሬ ሜትር ደሴት እንደሚተካ ከላይ ካለው ሒሳብ አንተው አስላው።

እኔም ከዚህ በፊት የተዋረድኩበት ነገር ስለሆነ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት በአንድ የጎጃም ከተማ ዳር፣ ስሙን ልተወው፣ ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ላይ አራት ደሴት ሠራን። ቀርከሃው ከእንጅባራ በኩል መጣ። ቢጫ ጀሪካን ከገበያ ሰበሰብን። ማሰሪያው ቃጫ ነበር፤ «ፕላስቲክ አንጠቀምም» ብለን ተኮፍሰን። መጋቢት ላይ ፎቶ ተነሳን። ንግግርም ተደረገ። ደንገሉ ያዘ፤ ለመለመ።

ግንቦት ሲደርስ ኩሬው ሸሸ። ደሴቶቹ ወረዱ፣ ወረዱና ሥራቸው ጭቃውን ነካ። ሥር ጭቃ ካገኘ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ያዘው። እኛ አላየነውም። ላዩ ለምለም ስለሆነ ደስ ብሎን ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዶፍ ጣለና ኩሬው ሞላ። ጀሪካኖቹ ወደ ላይ ይጎትታሉ፤ ሥሩ ወደ ታች ይዟል። ውሃ የጠገበው ቃጫ በመሀል ተበጠሰ። ጠዋት ስንደርስ ከሁለቱ ደሴት የቀሩት ጀሪካኖቹ ብቻ ነበሩ፤ እንደ ዳክዬ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። ደንገሉ ከነቀርከሃው ታች ቀርቷል።

የተረፉት ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት የባሰ አሳፈሩኝ። የሚያጭዳቸው ሰው አልተመደበም። ኮሚቴ ነበረ፤ ማጭድ የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ደንገሉ አረጀ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጎብጦ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ውሃው የሻይ ቅጠል የተዘፈዘፈበት መሰለ፤ ይሸት ጀመር። አንድ እረኛ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሲያየው ቆየና «ጋሼ፣ ገለባውን ለምን ውሃ ውስጥ ታበሰብሱታላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተክሉ ዓመት ሙሉ ከውሃው የሰበሰበውን በሁለት ወር መልሶ ውሃው ውስጥ አፍስሶታል።

ስለዚህ እኔ ሁለት ነገር ልጠይቅህ፦ በጋ ላይ የውሃው ጥልቀት ስንት ይሆናል? ማጭዱን የሚይዘውስ ማነው? እነዚህን ሳትመልሱ አንድ ጀሪካን እንኳ አትግዙ። በበጋው መጨረሻ ከአልጋው በታች ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ሜትር ውሃ መኖር አለበት። የጣና ዳር ደግሞ በክረምትና በበጋ መካከል ውሃው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ለጥ ባለው ዳርቻ ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሄደው። ሐይቁ ላይ ከመልቀቅ ዳር ላይ ኩሬ መቆፈር ይሻላል የምለው ለዚህም ነው። ማዕበሉም አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ታንኳ ነጂው ራሱ ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። አራት ሜትር የቆመ ደንገል የተሸከመ አልጋ ደግሞ ሸራ የተዘረጋበት ጀልባ ማለት ነው። ካመለጠ ዘጌ ሄዳችሁ ነው የምትፈልጉት።

ኩሬው ምን ያህል ይሁን? መጀመሪያ ቦዩ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚያወርድ እወቁ። መሣሪያ አያስፈልግም። በጋ ላይ ውሃው ከትንሽ እርከን የሚወርድበት ቦታ ፈልጉ፤ ከሌለ በድንጋይና በቆርቆሮ ሥሩ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ከሥሩ ደቅኑ። በስልክ ሰዓት ያዙ። በ20 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 1 ሊትር ነው። በቀን 86 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው ከደሴቶቹ ሥር አምስት ቀን ያህል እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኩሬው 430 ሜትር ኩብ መያዝ አለበት። ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 360 ካሬ ሜትር ነው። ለምሳሌ 12 በ30። ቦታ ከሌላችሁ ሦስት ቀንም ከምንም ይሻላል፤ ግማሽ ቀን ግን ለዓይን ብቻ ነው።

ጥልቀቱን ከዚህ አታብዙት። ሥሩ ግማሽ ሜትር ወርዶ ኩሬው ሦስት ሜትር ከሆነ ውሃው ከሥሩ በታች አቋርጦ ሹልክ ይላል። ውሃ ሰነፍ ነው፤ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚመርጠው። ደሴቶቹንም በርዝመት ሳይሆን መንገዱን ዘግተው እንዲቆሙ ከዳር እስከ ዳር በረድፍ አስቀምጧቸው። በረድፎቹ መካከል ሜዳ ውሃ ተዉ። ሁሉን ከሸፈናችሁት አየር አይገባም፤ ኦክስጅን ያልቃል። ከኩሬው ሲሶውን፣ ቢበዛ ግማሹን መሸፈን ይበቃል። ዓሣ ካለበት ከሲሶ አትለፉ። ቀረሶ አየር ያጣ ውሃ ውስጥ አይቆይም። አምባዛስ ብቅ እያለ ከላይ መተንፈስ ይችላል።

ከኩሬው በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ፌስታል፣ ጨርቅና ጫት ገረባ የሚይዝ የብረት ወንፊት ነው። ሌላው አሸዋውና ጭቃው የሚቀመጥበት ትንሽ ጉድጓድ፣ በየወሩ የሚዛቅ። እነዚህ ከሌሉ ደሴቶቹ በሁለት ወር ፌስታል ለብሰው ታያቸዋለህ።

ክረምቱስ? ሐምሌ ላይ ያ በሴኮንድ አንድ ሊትር የሚንጠባጠበው ቦይ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ያን ጎርፍ ኩሬው ውስጥ ካስገባችሁት ደለሉንም ደሴቱንም ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይጨምርላችኋል። ስለዚህ ከኩሬው ጎን ማለፊያ ቦይ ይኑር። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ወደዚያ ይሂድ። የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ግን በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ጠርገው ነው የሚመጡት። የቻላችሁትን ያህል የእነሱን መጀመሪያ ኩሬው ውስጥ ያዙ።

አሁን ወደ አልጋው። ሃይላንዱን ተወው። ሁለት ሊትሩ ጠርሙስ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው የሚሸከመው። ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይሰነጣጠቃል። ክዳኑ ይላላል፣ ውሃ ይገባዋል። ጣናን እናጸዳለን ብላችሁ ስብርባሪ ፕላስቲክ ልትበትኑበት ነው። ወፍራሙ 20 ሊትር ጀሪካን ይሻላል። በደንብ ከተከደነ 20 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ተክሉ ሲያድግ ከውሃ በላይ ለሚቀረው ክብደት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ አስቡ። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጀሪካን። የመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ብሎ እንደ ወንበር ይቆማል፤ አትደንግጡ፣ ተክሉ ሲከብድ ይወርዳል። ክፈፉ ቀርከሃ ይሁን። ሁለት ክረምት ካገለገለ በኋላ መቀየር አለበት። ማሰሪያው ናይሎን ገመድ ነው፤ የቃጫውን ታሪክ ነግሬሃለሁ። ከክፈፉ ሥር አሮጌ የዓሣ መረብ ወጥሩ። ዓሣ ቤት ያለው ሰው ይህን አያጣም። ከመረቡ ላይ ኬሻ ዘርጉና ተክሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ቅደዱ። አፈር አትጨምሩ። አፈር ክብደት ነው፤ ታጥቦም ውሃውን ያደፈርሳል። አንዱ አልጋ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ለማጨድ መሀሉ አይደረስም፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሰው አይወጣበትም።

መልህቁ ድንጋይ የተሞላ ጆንያ ሊሆን ይችላል። ገመዱን አታክርሩት፤ ውሃው ሲሞላ ከፍ እንዲል ትርፍ ይኑረው። ከብትና ፍየል እንዳይደርስበት ዳሩን እጠሩ። ለጋ ደንገል ያየች ላም ኮሚቴ አትጠይቅም።

ምን ትተክላላችሁ? ደንገል አንደኛ ነው። የአገሩ ነው፣ ያድጋል፣ ገዢም አለው። ግን ከሐይቁ ዳር በጅምላ ነቅላችሁ አታምጡ፤ ከአንድ ቦታ ብዙ ከወሰዳችሁ አንዱን ገድላችሁ ሌላውን ልታድኑ ነው። ከዳር ከዳር አንድ ወይም ሁለት ቡቃያ ያለው የሥር ግንድ ቁረጡ። ቅጠሉን ወደ ስንዝር አሳጥሩት። በካሬ ሜትር ዘጠኝ ያህል በቂ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዳሩ ላይ አጠር የሚለውን ቬቲቨር ሣር ትከሉ። እርከን ለማጠናከር የሚያባዙት ችግኝ ጣቢያዎች አሉ። ሥሩ ውሃ ውስጥም ይወርዳል። ፊላም ይሆናል፤ እሱ ግን ዘሩን በነፋስ ስለሚበትን እኔ ብዙ አልወደውም። መጋቢት ላይ ብትተክሉ ለሰኔ ጎርፍ ሥሩ ይደርሳል።

እምቦጭ። ጓደኛህ ያለው ነገር እውነትነት አለው፤ እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጣም በፍጥነት ይመጥጣል። በሌላ አገር በተዘጋ የፍሳሽ ኩሬ ውስጥ ለዚህ የተጠቀሙበት አሉ። እዚህ ግን ጣና አጠገብ ነን። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንተው ዳር ላይ ቆመህ አይተኸዋል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። ከክብደቱ ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ ስለሆነ አውጥቶ ማጓጓዙ ውሃ መሸከም ነው። ደንገል በመልህቅ ይታሰራል፤ እምቦጭ በምን ታስረዋለህ? አንድ ጎርፍ ኩሬውን ገልብጦ ሲያልፍ አንድ ቡቃያ ይበቃዋል። ጓደኛህን ንገረው፦ እምቦጩ የሚያጣራ ነገር ፈልጎ አይደለም የመጣው፤ እኛ የለቀቅነውን ምግብ በልቶ ነው የወፈረው።

አጨዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው ሁሉ የሚከሽፈው እዚህ ነው። ደንገል ሲያረጅ ምግቡን ወደ ሥሩ ግንድ ይመልሳል፤ ስለዚህ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቁ። አረንጓዴ ሳለ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጸጉር ሙሉ ሲሆን እጨዱ። ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር አስቀሩ፤ ከውሃ በታች ከተቆረጠ ግንዱ ይበሰብሳል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጨዱ። በየአልጋው እየተፈራረቃችሁ፣ እያንዳንዱን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ። በየወሩ የሚታጨድ ደንገል ይመነምናል። የታጨደውን ኩሬው ዳር አትከምሩ፤ ዝናብ ሲዘንብበት ጭማቂው ተመልሶ ይገባል። ለታንኳ ሠሪ ወይም ለምንጣፍ ሠሪ ስጡ፤ የደንገል ታንኳ ቶሎ ውሃ ስለሚጠግብ ሁልጊዜ አዲስ ይፈለጋል። ያልተሸጠው ኮምፖስት ይሁን። ጋራዥና ማቅለሚያ ቤት ወደ ቦዩ የሚለቅ ከሆነ ለከብት አትስጡት።

ስትሠሩ ቦቲና ጓንት አድርጉ። ይህን እንደ ተራ ምክር አትስማው፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅጠል የበዛበት ረጋ ያለ ውሃ ነው የሚወደው። ከኩሬው የሚወጣው ውሃም ጠርቶ ቢታይ የሚጠጣ አይደለም። የቲፎይድ ጀርም በዓይን አይታይም።

መሻሻሉን በምን ታውቃላችሁ? በፎቶ አይደለም። የጠፍጣፋ ብረት ክዳን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አራት ቦታ ከፍላችሁ ነጭና ጥቁር ቀቡት። መሀሉን በስታችሁ ምልክት ባለው ገመድ አንጠልጥሉት፣ ከሥሩ ድንጋይ ይታሰር። ውሃው ውስጥ አውርዱትና ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ጻፉ። ሁልጊዜ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ በሳምንት አንዴ። ኩሬው መግቢያ ላይና መውጫ ላይ ለኩ። ቦዩ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትንም ደሴት ከመሠራቱ በፊት ሦስት ወር ለኩት። ክረምት ላይ ቁጥሩ ቢወድቅ አትደናገጡ፤ ያ አልጌ ሳይሆን ጭቃ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ካስመረመራችሁ በቂ ነው።

ጭቃውን ካነሳሁ አይቀር፣ ግልገል አባይ ከሰከላ ጀምሮ የጎጃምን ማሳ አጥቦ የሚያመጣውን ደለል ምንም ደሴት አይዘውም። ያ የእርከን ሥራ ነው፤ ሌላ ቀን።

ዳርቻው ግን ሌላ ቀን አይባልም። ጣና ዳር ዳሩን የደንገል መቀነት ነበረው። እናንተ በጀሪካን ልትሠሩት የምታስቡትን ሥራ ያለ ጀሪካን ይሠራ ነበር፤ ጎርፉን ያበርዳል፣ ጭቃውን ይይዛል፣ ዓሣ ይራባበታል። በብዙ ቦታ ለእርሻ ተመነጠረ፤ በብዙ ቦታ ተቃጠለ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ዓሣ ቤታችሁ ፊት ለፊት እንግዳ ሐይቁን እንዲያይ ብላችሁ የመነጠራችሁት ደንገል ካለ፣ እኔን ሳትጠብቁ መልሱት። እይታ ከፈለጋችሁ አንዲት መስኮት የምታህል ክፍት አስቀሩ። 100 ሜትር ዳርቻ ላይ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ደንገል 1,000 ካሬ ሜትር ነው። በጀሪካን ብትሠሩት 2,000 ጀሪካን ይፈጃል።

ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። የጣና አካባቢ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው ከነነዋሪው የሚጠበቅበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳርቻው ላይ እንደፈለጉ መቆፈር የለም። ለሐይቁም ለከተማውም የሚመለከታቸውን ሁለቱን ወገን ባንድ ቀን ጠርታችሁ ቦታው ላይ አሳዩአቸው። ወረቀቱን ብቻ ከላካችሁ አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል።

እስከዚያ ባልዲውን ይዘህ ቦዩ ጋ ሂድ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ለካ። እሁድንም ጨምር፤ ልብስ የሚታጠበው ያን ቀን ነው። በስንት ሴኮንድ እንደሞላና ቦዩ ከሐይቁ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ባዶ መሬት እንዳለ ጻፍልኝ። የኩሬውን ልክ አብረን እናወጣለን።